ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ

መስከረም 9

እታለም፣

ይህን ወረቀት ዶሮ የጫረችው ከመሰለሽ አልተሳሳትሽም፤ ዶሮዋ እኔ ነኝ። ፖስተኛው አድራሻውን አንብቦ አንቺ ጋ ካደረሰው ምስጋናው ለእሱ ነው።

እንዴት ነህ ላልሽው፣ ደህና ነኝ። ኩላሊትሽም ደህና ናት። ሐኪሟ ባየችኝ ቁጥር የምትጠይቀኝ ስለ እሷ ነው፤ እኔ ተሸካሚ ብቻ ነኝ። "ትሠራለች፣ አታማርርም፣ በእህቴ ወጥታለች" እላታለሁ። አምና ከሞት አፋፍ መልሳኛለችና እንደ ክብር እንግዳ ነው የማስተናግዳት፤ ውሃ ስትል ውሃ፣ ጨው አልወድም ስትል እሺ።

የማማርረው እኔ ነኝ። ገላዬ እንግዳዋን እንዳያባርራት የምውጣቸው ሁለት መድኃኒቶች አሉ። ነጯ ክኒን ፊቴን እንደ ኳስ ነፍታዋለች። በቅጥነቴ መርፌ ብላ ስም ያወጣችልኝ እማዬ በሕይወት ብትኖር "ይሄ ድቡልቡል ደግሞ የማን ነው?" ባለች ነበር። እሱንስ እስቅበታለሁ። ቢጫዋ እንክብል ግን እጄን ታንቀጠቅጠዋለች። ልብስ ሰፊ እጁ ከተንቀጠቀጠ ምን ቀረው? ክር መርፌ ውስጥ ላስገባ ስታገል ሚስቴ ፊቷን አዙራ የሱቁን መስኮት ትወለውላለች። መስኮቱ እንዲህ ጠርቶ አያውቅም።

ለሐኪሟ ብነግራት "እጅህን አለማምደው፣ ጻፍ" አለችኝ። ለማን ልጻፍ? ለአንቺ እንጂ። ደግሞ ስልኩ ሰልችቶኛል። "ዋጥክ?" "ዋጥኩ።" "ሁለቱንም?" "ሁለቱንም።" ከዚያ ቻው። ስለዚህ ውል እንግባ፤ በደብዳቤ ስለ ክኒን መጠየቅ ክልክል ነው። ከጠየቅሽ ወረቀቱን አጥፌ የኮሌታ ማጠንከሪያ አደርገዋለሁ። ሌላ የፈለግሽውን ጠይቂኝ። እኔም ልጠይቅሽ፤ ጠባሳው ያምሻል ወይ? ስለ ሥራሽም ጻፊልኝ። ጎንሽን ተቀደሽ ሰጥተሽኝ፣ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሪ እንደምትውዪ አለማወቄ ያሳፍረኛል። ከእንቁራሪት ጋር እንደምትውዪ ብቻ ነው የማውቀው።

የትከሻሽን፣ የደረትሽንና የእጅጌሽን ልክ ላኪልኝ። ለምን አትበይ።

ወንድምሽ መርፌ


መስከረም 27

መርፌዬ፣

ውሉን ተቀብያለሁ። እኔ አላነሳውም፣ አንተ ደግሞ አትረሳውም፤ ከዚህ በላይ ቃል አልናገርም።

ልኬ ከታች ተጽፏል። የለካችኝ አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ ናት። ደጋግማ ለክታኝ አንዱ ከሌላው አልገጥም ስላላት መሐሉን ወሰድን፤ የሳይንስ ሰው እንዲህ ነው። ከጠበበኝ በእሷ ፍረድ።

ጠባሳው ያምሻል ወይ ብለሃል። አያመኝም። የምሠራበት ክፍል ቀዝቃዛ ስለሆነ ያ ጎኔ ከሌላው ገላዬ ቀድሞ ይበርደዋል፤ ሰው የለቀቀው ክፍል እንደሚቀዘቅዘው መሆኑ ነው። ሌላ ምንም የለውም፣ አታስብ።

ስለ ሥራዬ ልንገርህ። ክፍሉ መስኮት የለውም። በሁለቱም ግድግዳ በኩል የመስታወት ገንዳዎች ተደርድረዋል፤ አየር የሚነፉት ፓምፖች ቀኑን ሙሉ ያንኮራፋሉ። ገንዳዎቹ ውስጥ ያሉት ገና እንቁራሪት አልሆኑም፤ ራስና ጭራ ብቻ ናቸው። ባለጭራዎቹ እንላቸዋለን። ጭራቸውን ጥለው እግር ሲያወጡ፣ ከበሽታ የሚጠብቃቸው ኃይል ምን እንደሚሆን ማየት ነው የእኔ ሥራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በባለጭራው ደም ውስጥ ጠባቂዎች አሉ። ጠባቂዎቹ ያደጉት ከጭራው ጋር ነው፤ የሚያውቁትን ይተዋሉ፣ የማያውቁትን ይነክሳሉ። እንግዲህ አዲስ ቆዳና አዲስ እግር ሲመጣ "አንተ ደግሞ ማን ነህ?" ማለታቸው አይቀርም። የገዛ ቤታቸውን ሊያፈርሱ ነው። ይህ እንዳይሆን ሁለት ሆርሞኖች አብረው ከፍ ይላሉ። አንዱ ከአንገት ዕጢ የሚመጣ፣ ቅርጽ የሚለውጥ ነው። ሌላው የጭንቀት ሆርሞን ነው። እነሱ ከፍ ሲሉ ጠባቂዎቹ የሚሠለጥኑባት፣ ከዓይን ኋላ ያለች ትንሽ ዕጢ ትሟሽሻለች፤ ጣፊያው ይራቆታል፤ አሮጌዎቹ ጠባቂዎች በጅምላ ይሞታሉ። ሆርሞኖቹ ሲወርዱ ደግሞ አዲስ ጠባቂዎች ይወለዳሉ። አዲሶቹ ዓይናቸውን የገለጡት አዲሱ ገላ ውስጥ ስለሆነ፣ እግሩ ከመጀመሪያውም የነበረ ነው የሚመስላቸው።

ነጯ ክኒንህ የዚያ የጭንቀት ሆርሞን የአጎት ልጅ ናት። (ይሄ ጥያቄ አይደለም፤ ውሉን አላፈረስኩም።) ስለዚህ ፊትህ ሲነፋ አትዘን። እንደ ባለጭራዎቹ መንገድ ላይ ነኝ በል። ገላህ የእኔን ቁራጭ እየተማረ ነው።

ሱቁስ እንዴት ነው? ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስ። መስኮቱንም ትንሽ ታሳርፈው።

እህትህ


ጥቅምት 20

እታለም፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ለራሴ፣ አንድ ጊዜ ለሚስቴ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከሱቄ ፊት ለፊት ለሚሠራው ጫማ ሰፊ አነበብኩት። ጫማ ሰፊው "እህትህ ከምን ጋር ነው የምትውለው?" ብሎ አላመነኝም። እኔንም ከበሽታዬ በፊት የማያውቀኝ ይመስል ሰሞኑን "ያ ቀጭኑ ወንድምህ የት ሄደ?" ይለኛል። ይቀልዳል ብዬ እስቃለሁ። አንዳንድ ቀን ግን የሚቀልድ አይመስለኝም።

ሱቁ እንዴት ነው ብለሻል። ባትጠይቂኝ ይሻል ነበር። ሱሪ ማሳጠር አለ፣ ዚፕ መቀየር አለ፣ እሱንም ሚስቴ በመኪናው ትሰፋዋለች፤ እኔ ጠረጴዛው ኋላ ቁጭ ብዬ ደንበኛ አዋራለሁ። ባለፈው አንድ ሙሽራ መጣ። ለአባቱም የሰፋሁላቸው እኔ ነኝ። ጨርቁ እንዴት ያለ ጨርቅ መሰለሽ! እምቢ ማለት ነበረብኝ። ጠመኔውን ይዤ መስመር ሳሰምር መስመሩ ተንቀጠቀጠ፤ በመቀስ አስተካክለዋለሁ ብዬ ጀመርኩ። አልቆረጥኩትም፣ አረድኩት። የግራውን ትከሻ እስከ ደረቱ ወሰድኩት። ልጁ ጨዋ ነው። ጨርቁን አጣጥፎ በብብቱ ይዞ ወጣ። ሚስቴ ያን ቀን መቀሱን ወስዳ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ከእብድ ላይ ስለት እንደሚነጠቀው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አፍራለሁ። ሞቼ ብሆን ኖሮ "ጎበዝ ልብስ ሰፊ ነበር" ይሉኝ ነበር። አሁን ድኜ ተቀምጬ ያዝኑልኛል። አንቺን ማማረር አይደለም፣ በፍጹም። አንቺ የሰጠሽኝን ማን ይሰጣል? ግን ያዳንሽው እጁ ያልከዳውን ልብስ ሰፊ መስሎሽ ነበር እኮ።

ስለ ባለጭራዎቹ ያልገቡኝ ነገሮች አሉ። እጄ ስለደከመ ነገ በሌላ ወረቀት እጠይቅሻለሁ።

ወንድምሽ


ኅዳር 11

መርፌዬ፣

አራት ጥያቄ! ተማሪዎቼ እንኳ እንዲህ ጠይቀውኝ አያውቁም። ወረቀትህን ለጓደኛዬ አሳየኋት፤ "ወንድምሽ ልብስ ሰፊ ሆኖ የቀረው በአጋጣሚ ነው" አለችኝ። ስለ ሙሽራው ላልከው ግን ምን ብዬ እንደማጽናናህ አላውቅምና የማውቀውን ልመልስልህ።

አንደኛ፣ ሆርሞኑ መቼ ነው የሚወርደው? ጭራው ሟምቶ ሲያልቅ ነው። ከዚያ በኋላ ሥራ የለውም።

ሁለተኛ፣ ከወረደ በኋላ ጠባቂዎቹ ተመልሰው እግሩን ይነክሱታል ወይ? አይነክሱትም። በፍጹም። አንዴ ከተማሩ ተማሩ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት የገዛ እግሩን የጣለ እንቁራሪት አላየሁም።

ሦስተኛ፣ ሆርሞኑ መውረድ ባለበት ጊዜ ባይወርድስ? ክፉ ነው። ጠባቂዎቹ መልሰው አይበዙም፤ ገላው በር የሌለው ቤት ሆኖ ይቀራል። ይህን በራሴ ገንዳ አይቼዋለሁ። ውሃ ስናጎድልባቸው ኩሬው ሊደርቅ ነው ብለው ይጨነቃሉ፤ የጭንቀት ሆርሞኑ ያሻቅብና ቸኩለው እግር ያወጣሉ። ቸኩለው የወጡት ትናንሽ ናቸው፣ የጠባቂ ዕጢያቸውም ሰናፍጭ አታክልም። ትንሽ ፈንገስ ቆዳቸው ላይ ካረፈ አበቃ።

በአንድ ገንዳ ውስጥ ደግሞ የአንገት ዕጢውን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ያደረግንበት አንድ ባለጭራ አለ። መድኃኒቱ እስካለ ድረስ እንቁራሪት አይሆንም። እኩዮቹ ሁሉ እግር አውጥተው እሱ ጭራውን እየጎተተ ወፍሮ ቀርቷል። ሽማግሌው እንለዋለን። ብታየው ትስቃለህ።

አራተኛው ጥያቄህ፣ ስለ ትልቅ እንቁራሪት የጠየቅከኝ፣ መልሱ ረጅም ነው። ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

በርታልኝ። ያ መቀስ ካለበት አይጠፋም።

እህትህ


ታኅሣሥ 30

እታለም፣

እስቲ እይው! መስመሩን እይው! ከፈለግሽ ማስመሪያ አምጥተሽ ለኪው።

እንዴት ሆነ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ ልምምድ ነው። ጻፍኩ፣ ጻፍኩ፣ እጄ ልብ ገዛ። ባለፈው ሳምንት ሚስቴን መቀሱን አምጪ አልኳት። አልሰጥም አለች። መርፌና ክር አምጪ አልኳትና ፊቷ ቆሜ በአንድ ጊዜ አስገባሁት። ሄዳ ቁም ሣጥኑን ከፈተች።

ጨርቁ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ካፖርት ነው የምሰፋልሽ፣ ከእንግዲህ ምን እደብቅሻለሁ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼው ልክሽን አስምሬ መቀሱን ሳስገባ፣ እታለም፣ ያን ድምፅ ታውቂዋለሽ? መቀስ በጥሩ ሱፍ ውስጥ ሲሄድ የሚያሰማውን። እሱን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ጀርባውን፣ ሁለቱን ደረት፣ እጅጌዎቹን ሳላርፍ ቆረጥኩ። ጫማ ሰፊው በር ላይ ቆሞ አየኝና "ቀጭኑ ተመልሷል" አለ። ፊቴም ጎድሏል፤ ጉንጬ ላይ አጥንት አለ።

ሽማግሌውን ሰላም በይልኝ። አዘንኩለት። እኔ እንደሱ በመድኃኒት ታግጄ ጭራዬን ስጎትት መኖር አልፈልግም።

ትንሽ ይደክመኛል፣ ጫማዬም ጠቦኛል። ሥራ ስለበዛ ነው።

ወንድምሽ መርፌ (ስሙ እንደገና ገጥሞኛል)


ጥር 16

መርፌዬ፣ የእኔ ጌታ፣

ደብዳቤህን ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። እንዲነበብ ሳይሆን እንዲታይ ነው። ጓደኛዬ ከመጀመሪያው ደብዳቤህ አጠገብ አድርጋ አስተያየችውና "የሁለት ሰው ጽሑፍ ነው" ብላ ድርቅ አለች። እኔ ግን ታናሽ ወንድሜ ትምህርት ቤት ሳለ ደብተሩን በጠዋት ሰልፍ ላይ ያሳዩለት የነበረውን ጽሑፍ መቼም አልስተውም። አልቅሼ ነበር ብልህ ትስቅብኛለህ።

ስለ ካፖርቱ ምንም አልልም፤ ከተናገርኩ ደግሞ አለቅሳለሁ።

ድካሙ ሥራ ስለበዛ ነው ያልከው እውነት ነው። ያን ያህል ጊዜ እጅህን አጣጥፈህ ተቀምጠህ ድንገት ስትነሳ መድከምህ አይቀርም። ጫማዬ ጠበበኝ ላልከውም ቀኑን ሙሉ ቆመህ ስትቆርጥ ስለምትውል ነው። ከፍ ያለ ወንበር ፈልግ።

ስለ ባለጭራዎቹ ልንገርህ። እዚህ ወሬው ጥሩ አይደለም። ፈንገሱ ከየት እንደገባ አላወቅንም። ባለጭራ የሆኑትን አልነካም፣ አድገው ያለቁትንም ብዙ አልጎዳም፤ መሐል ላይ ያሉትን፣ አራት እግርም ግማሽ ጭራም ያላቸውን እየመረጠ ይጨርሳል። አሮጌ ጠባቂያቸው ሞቷል፣ አዲሱ አልተወለደም። ጠዋት ጠዋት በመረብ እያወጣሁ ነው። የአንተ ደብዳቤ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር?

እህትህ


የካቲት 8

መርፌ፣

ባለቤትህ ደወለችልኝ።

ቢጫዎቹን እንክብሎች ከመሳቢያው ውስጥ፣ በቁልፍ ማስቀመጫው ቆርቆሮ፣ ከኮት ቁልፎቹ ሥር አገኘቻቸው። ነጯንም በመቀስህ ለሁለት እየከፈልክ ግማሹን ትጥል እንደነበር ነግረሃታል። "እታለም ራሷ ጽፋልኛለች፤ ገላዬ ተምሯል፣ ከእንግዲህ የሚጎዳኝ መድኃኒቱ ነው" ብለሃታል። ደብዳቤዬንም አውጥተህ አሳየሃት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!

አንተ እንቁራሪት ነህ? በየትኛው መስመር ላይ ነው "መድኃኒትህን ጣል" ያልኩህ? ሐኪም የለህም? አፍ የለህም? እጄ ተንቀጠቀጠ ብለህ ብትጮህባት መጠኑን ታስተካክልልህ፣ ትለውጥልህ ነበር። እኔ እኮ ተቆርጬ ነው የሰጠሁህ! ከሰመመን ስነቃ መጀመሪያ የጠየቅኩት "ሸና ወይ?" ብዬ ነው። ነርሷ ሳቀችብኝ።

ልመጣ ሻንጣዬን ይዤ ተነስቼ ነበር። "ሰው አያስገቡም" አለችኝ ባለቤትህ። ገላህ ኩላሊቷን መንከስ ስለጀመረ፣ ጠባቂዎችህን በጅምላ የሚገድል መድኃኒት በደም ሥርህ እየለቀቁብህ ነው፤ የሰው ትንፋሽ እንኳ ሊገድልህ ይችላል። እኔ ደግሞ የት እንደምውል ታውቃለህ። ልብሴ ላይ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ሻንጣውን አስቀመጥኩት።

አሁን አራተኛ ጥያቄህን ልመልስ። አድጎ ባለቀ እንቁራሪት ላይ የሌላ እንቁራሪት ቆዳ ቢሰፋበት ምን ይሆናል? ብለህ ነበር የጠየቅከኝ። ረጅም ነው አልኩህ። ረጅም አይደለም፣ አንድ ቃል ነው። ይጥለዋል። ባለጭራዎቹ የሚማሩት ገና እየተሠሩ ስለሆነ፣ እግሩም የራሳቸው ስለሆነ ነው። አንተ ተሠርተህ አልቀሃል። ኩላሊቷም የእኔ ናት፤ ገላህ ይህን ዕድሜ ልክህን አይረሳም። ይህን ለመጻፍ ብዕር አንስቼ ነበር፤ ክፉ ነገር ለምን ልንገረው ብዬ ተውኩት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ግን ነቀዘ።

ተናድጃለሁ። እወድሃለሁ። አትሙትብኝ።

እህትህ


የካቲት 25

እታለም፣

ዶሮዋ ተመልሳለች። ይቅርታ፣ ከበፊቱም ብሳለች፤ አልጋው ላይ ተጋድሜ ነው የምጽፈው፣ አንዱ ክንዴም በቱቦ ታስሯል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚሉት ለካ ለእኔ ኖሯል። እንቁራሪት ተማረ ሲሉ ሰምቼ!

ያለሁበትን ክፍል ልንገርሽ። ነጭ ነው። ሚስቴ በመስታወቱ በኩል ቆማ ታየኛለች፣ መስታወት መወልወል ለምዳ የለ? ሐኪሟ አፏንና አፍንጫዋን ሸፍና ትገባለች። ስለ ኩላሊቷ ስጠይቃት "እንይ" ትላለች። ድሮ "ጥሩ ናት" ነበር የምትለው።

ራስሽን አትውቀሺ። እንዲህ የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። እነዚያን ጥያቄዎች የጠየቅኩሽ ምንም ብትመልሺ "አዎ" ብዬ ላነበው ተዘጋጅቼ ነው። አራተኛውን ሳትመልሺ ስታልፊው ደግሞ ገብቶኝ ነበር። አንቺ ዝም የምትይው መቼ እንደሆነ ከልጅነቴ አውቃለሁ። አውቄ፣ አላወቅሁም አልኩ። ሐኪሟን ለምን አልጠየቅክም ላልሽው፣ እምቢ ብትለኝስ ብዬ ነው። የመጣው ሁሉ ይምጣ፣ አንዴ ልቁረጥ ብዬ ነው። በእጄ ያን ካፖርት ስቆርጥ ሰው ነበርኩ። ይህን ብቻ ተረጂልኝ፤ ይቅር ባትዪኝም ተረጂልኝ።

የካፖርቱ የቁልፍ ቀዳዳዎች ናቸው የቀሩት። ሚስቴ ልጨርሰው አለችኝ። የቁልፍ ቀዳዳ የሰውየው ፊርማ ነው፣ አይሆንም አልኳት።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ከኋላ ጽፌዋለሁ። እውነቱን መልሺልኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 6

መርፌዬ፣

እውነቱን አልክ። አዎ፣ ተቀይሜሃለሁ። ጠዋት ስነሳ እቀየምሃለሁ፣ ቀን ይወጣልኛል፣ ማታ ራሴን እቀየማለሁ። ግን ብትጠይቀኝ ነገም ሁለተኛ ጊዜ እሰጥህ ነበር። መስጠት የማልችለው ስለሌለኝ ብቻ ነው።

ፈንገሱ የእኔን ክፍል አራቁቶታል፤ ባለጭራዎቹ ተራ በተራ እግር ሲያወጡ አለቁ፣ በኋላ ያደጉትንም አልማረም። ገንዳዎቹን አጥበን ደፋናቸው፤ ፓምፖቹ ዝም ብለዋል። የተረፈው ሽማግሌው ነው። ያልተለወጠ እሱ ብቻ ስለሆነ ተረፈ። አንተ ያዘንክለት ያ ወፍራም ባለጭራ ብቻውን ይዋኛል፤ ምግቡን ስሰጠው ስላንተ አወራዋለሁ።

የመጨረሻውን ደብዳቤህን ያን ቀጥ ካለው አጠገብ ለጠፍኩት። ከዚያ ቀጥ ያለውን ገንጥዬ ጣልኩት። ስማኝ፤ ጽሑፍህ ጎባጣ እስከሆነ ድረስ መድኃኒቱ ደምህ ውስጥ አለ ማለት ነው። መድኃኒቱ ካለ የሚጠበቅ ነገር አለ ማለት ነው። ስለዚህ እየተንቀጠቀጥክ ጻፍልኝ። ማንበብ ቢያቅተኝም ግድ የለም፣ ጻፍልኝ። እንደዚያ ጎባጣ ጽሑፍ የምወደው ነገር የለኝም።

ካፖርቱ ይቆይ። ክረምቱ ገና ነው።

እህትህ


ሚያዝያ 19

መርፌዬ፣

ፖስተኛው ጥቅሉንና ደብዳቤውን አንድ ላይ አመጣልኝ። ፖስታው ላይ አድራሻዬ ቀጥ ብሎ ተጽፏል። አንድም ፊደል አልተንገዳገደም። ሳልከፍተው ገባኝ። ቆሜ ነበር፣ በሩ አጠገብ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ፖስተኛው "ደህና ነዎት?" አለኝ። "ወንድሜ ነው፣ እጁ ተሽሎታል" አልኩት። "እሰይ" ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ ከፍቼ አነበብኩት። ኩላሊቷን ያወጧት ቀን ሊነግሩህ ሲገቡ ከፊታቸው ማወቅህን፣ ሐኪሟ ያለቀሰችውን፣ አንተ እሷን ስታጽናና መዋልህን። የሚጠበቅ ስለሌለ ቢጫዋን ያን ዕለት፣ ነጯንም ቀስ በቀስ ማቆማቸውን። በሳምንት ሦስት ጊዜ ደምህን የሚያጥበው ማሽን አጠገብ መጋደምህን። ውላችንም በዚሁ አበቃ። አሁን ውሉን አፍርሼ ልጠይቅህ ብል እንኳ የምጠይቅህ ክኒን የለም።

"አታልቅሺ፣ ቢያንስ ሱቁን ከፍቻለሁ" ብለሃል። ሙሽራው ባለፈው ያንኑ ጨርቅ ይዞ መጥቶ፣ ከተረፈው ሰደርያ ስፋልኝ እንዳለህም አንብቤያለሁ። ደስ ብሎኛል። ደስ ማለቴን እመነኝ። እንዴት ደስ እንደሚለኝ ግን አላውቅም።

ልክ ነው ወይ ላልከው፣ ልክ ነው። ትከሻው ልክ ነው፣ እጅጌው ልክ ነው፣ ጓደኛዬም ነፃ ወጣች። የቁልፍ ቀዳዳዎቹን በጣቴ አንድ በአንድ ነካኋቸው። ዕድሜህን ሙሉ እንዲህ ያለ ሰፍተህ አታውቅም። አንድም ያልተስተካከለ የለም። አንድ እንኳ ጎባጣ ባገኝ ብዬ ፈለግኩ።

ለብሼው ወደ ባዶው ክፍል ሄድኩ። ሽማግሌውን ላበላው ጎንበስ ስል ነው ያወቅኩት። በግራ ጎኔ፣ ጠባሳው ያለበት ቦታ ላይ፣ ከገበሩ ሥር ሌላ ለስላሳ ጨርቅ ደርበህ ሰፍተህበታል። አልነገርከኝም። ይበርደዋል ያልኩህ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፣ ያውም በመስከረም።

አሁን አይበርደውም፣ መርፌዬ። የእኔ ጎን ገበር አለው። ላንተ ባዶ ጎን ማን ይሰፋለታል?

እህትህ